የድሮ የፊልም አሻንጉሊቶች፦ ይታደሱ ወይስ እንዳሉ ይቀመጡ?

ጥያቄውን ያነሳው፣ ደብረ ብርሃን
ወገኖቼ እንደምን ሰነበታችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ከ20 ዓመት በፊት የሠፈራችን ወጣቶች ለልጆች አንዲት አጭር ፊልም ሠርተው ነበር። ጣርማ በር ላይ ነው የተቀረፀችው። አሻንጉሊቶቹና ዕቃዎቹ እስከ ዛሬ በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አሉ። ባለፈው ሳምንት ከፈትነው። አንድ አንበሳ፣ አንድ ጭላዳ፣ የካርቶን ጋሻና ሁለት የእንጨት ጦር። የአንበሳው ፊት ስፖንጅ ነው። በጣቴ ብነካው እንደ ደረቅ ዳቦ ረገፈ። ጭላዳው የመንዝ ጥቁር በግ ጸጉር ለብሷል፤ ብል ጀምሮታል። አንዳንዶች "ለገና ፊቱን ቀይረን፣ ቀለም ቀብተን ልጆቹን እናጫውትበት" ይላሉ። እኔ አይነካ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የድሮው የመድረክ ሰው፣ ደብረ ሲና
ልጄ፣ እኔ ይታደስ ባይ ነኝ። አሻንጉሊት እጅ ካልገባበት ጨርቅ ነው። ያ አንበሳ የተሠራው ልጆችን ሊያስቅ ነው እንጂ ሳጥን ውስጥ ሊተኛ አይደለም። ስንት ዘመን መድረክ ላይ ስሠራ አንድም ቀን "ይህ ጋሻ አርጅቷል፣ አትንኩት" ተብሎ አያውቅም። ቀለሙ ሲለቅ እንቀባለን፤ እጀታው ሲሰበር በሚስማር እንመታለን። ሥራው እንደዚያ ነው።

ጥያቄውን ያነሳው
ጋሼ፣ አክብሬ ልቃወምዎ። ለትርኢት የሚያገለግል ዕቃ እንደሚሉት ነው። ይህ ግን ትርኢቱ ካለቀ ቆይቷል። ፊልሟ የተቀረፀችበት ካሴት ራሱ ተበላሽቷል። የቀረን ማስረጃ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ከሌላ ዓለም ስለመጣው ፍጡር የሚተርከውን የኢ.ቲ.ን ፊልም ታስታውሳላችሁ? ለዚያ ፍጡር የተሠራው መካኒካል አሻንጉሊት በ2022 እ.ኤ.አ. ለጨረታ ሲቀርብ ቆዳው ረግፎ አልቆ ነበር። የቀረው የብረት አጽሙ ነው። አዲስ ቆዳ አላለበሱትም። እንዳለ በ2.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዋጋውን ትቼ ማለቴ ነው፦ አጽሙ ላይ የሠሪዎቹ እጅ ይታያል።

የድሮው የመድረክ ሰው
እኔም የማውቀው አለኝ። ጆውስ የተባለው የሻርክ ፊልም በ1975 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቀረፃ ላይ የዋሉት ሦስት ሰው ሠራሽ ሻርኮች ጠፍተው ቀሩ። ከዚያው ቅርጽ ማውጫ የወጣ አራተኛው ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የአሮጌ መኪና ዕቃ መሸጫ ግቢ ተሰቅሎ ዓመታት ፀሐይ መታው። በ2016 እ.ኤ.አ. ለሎስ አንጀለሱ የኦስካር አካዳሚ ሙዚየም ተሰጠ። ባለሙያ አስተካከለው፤ ቀለም ቀባው፤ ጥርስም ሠራለት። ዛሬ ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ ሕዝብ ያየዋል። ባይነካ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ጥያቄውን ያነሳው
ጋሼ፣ ሻርኩ ፋይበር ግላስ ነው። ጠንካራ ነው፤ ፍቀው ቢቀቡት ይችላል። ስፖንጅ ሌላ ነው። አየርና ብርሃን ቀስ በቀስ ይበሉታል። አንዳንዱ ይደርቅና ይረግፋል፤ አንዳንዱ ይሟሟና እንደ ማር ይጣበቃል። አንዴ ከጀመረ ወደኋላ አይመለስም። በላዩ ማስቲሽና ቀለም ሲደረግበት የቀረውንም ይዞት ይሄዳል።

የመንዝ ልጅ
የዚያን ጭላዳ ጸጉር የፈተለችው እናቴ ናት። ስለዚህ ዝም ማለት አልችልም።

በእኛ አገር ባና ሲቀደድ "ታሪክ ነው፣ አትንኩት" የሚል የለም። ይጣፋል። ይደረታል። አያቴ የለበሱትን አባቴ ለብሶታል፤ ዛሬ እኔ ቤት አለ። የት ጋ እንደተጣፈ እያየሁ ማን እንደጣፈው እናገራለሁ። ይህቺን የአባቴ እጅ፣ ያችኛዋን የአክስቴ እጅ እላለሁ። የተጠገነ ነው የሚቆየው፤ ያልተጠገነውን ብል ይጨርሰዋል። እናቴ የፈተለችው ጸጉር ሳጥን ውስጥ ተበልቶ እንዲያልቅ አልፈልግም። እኔ መጥቼ ልስፋው። ጥቁር የበግ ጸጉር ከራሳችን በግ ይዤ እመጣለሁ።

የታሪክ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን
የመንዙ ወንድሜ የተናገረው ነገሩን ሁሉ ገለበጠብኝ። እስካሁን የምንከራከረው "ይነካ ወይስ አይነካ" እያልን ነው። ልዩነቱ ግን ሌላ ቦታ ነው። በመርፌ የተሰፋ ነገር ይፈታል። ክሩን በጥሰህ ወደ ነበረበት ትመልሰዋለህ። በማስቲሽ የተለጠፈና በቀለም የተሸፈነ አይመለስም። ቅርስ የሚጠግኑ ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ ነገ ሌላ ሰው ይህን መልሶ ሊፈታው ይችላል?

በ1964 እ.ኤ.አ. ለተሠራው የአሜሪካ የገና ፊልም የዋሉት ሁለት አሻንጉሊቶች፣ ትንሹ አጋዘን ሩዶልፍና የገና አባት፣ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተገኝተው ነበር። የአጋዘኑ ቀይ አፍንጫ ወልቋል። ጠጋኞቹ አፍንጫውን ተኩ፤ የጎደለውን ሞሉ። ሁለቱ በ2020 እ.ኤ.አ. በ368 ሺህ ዶላር ተሸጡ፤ ከዚያም አትላንታ ላለ የአሻንጉሊት ሙዚየም ተሰጡ። ጥገና ማለት ጥፋት ማለት አይደለም። ሳይመዘግቡና ሳያስቡ መሸፈን ነው ጥፋቱ።

ከአጣዬ
ይቅርታ አድርጉልኝና ሳልደብቅ ልናገር። እኛ ቤታችን የተቃጠለብን ሰዎች ነን። ለአሻንጉሊት የሚወጣ ገንዘብ ካለ ለልጆች ደብተር ይግዛ።

ጥያቄውን ያነሳው
ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ ሐዘንህ ሐዘናችን ነው። ገንዘብ አንሰበስብም። መርፌ፣ ክርና የሰው ጊዜ ነው የሚያስፈልገው።

የሸዋ ሮቢቷ
እኔ የልብስ ሣጥን ጠባቂ ነበርኩ። ስለዚህ የማውቀውን ልበል። ሙቀት የስፖንጅ ጠላት ነው። እኛ ጋ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ተጣበቀ። እናንተ ብርድ አላችሁና ዕድለኞች ናችሁ፤ ብርድ እርጅናውን ያዘገየዋል። ፌስታል ውስጥ ግን አትጠቅልሉት፤ እርጥበቱን ይዞ ያሻግተዋል። በጋዜጣም አይሁን፤ ጋዜጣ አሲድ አለው፣ ቀለሙም ይጋባል። ታጥቦ የደረቀ ነጭ አቡጀዲ ይበቃል።

ለብሉ ናፍታሊን አትጨምሩ። ለልጆች መርዝ ነው፤ አንዳንዱን ፕላስቲክም ይጎዳል። የደብረ ብርሃን ውርጭም አይገድለውም። እንቁላሉን የሚጨርሰው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት። ጭላዳውን በላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ ጠንካራ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ። ስታወጡት ቅዝቃዜው እስኪለቅ ላስቲኩን አትክፈቱት፤ ጤዛ ይይዘዋል። ከዚያ ነው ወደ አቡጀዲ የሚዛወረው። የስፖንጁን አንበሳ ግን በረዶ ውስጥ አትክተቱ፤ ይሰባበራል።

የድሮው የመድረክ ሰው
መልካም፣ ማስቲሹን ትቻለሁ። ልጆቹስ? ልጆቹ ምን ይይዛሉ?

የመንዝ ልጅ
ጋሼ፣ ለዚህ የጓሳን፣ የእኛን የመንዙን የሣር ምድር፣ ሥርዓት ልንገርዎ። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ጊዜው ሲደርስ በሽማግሌዎች ቃል ይከፈታል፤ ሕዝቡ ይቆርጣል፤ እንደገና ይዘጋል። ሣሩ የቆየው በመዘጋቱና በመከፈቱ ነው። ጭላዳውም በዓመት አንድ ቀን ይውጣ። ልጆቹ ይዩት። የሚጫወቱበት ደግሞ አዲስ ይሠራ።

የታሪክ መምህርት
አዲስ መሥራት ከባድ እንዳይመስላችሁ። ፀሐይ የምትባለዋ የቴሌቪዥን ቀጭኔ በ2006 እ.ኤ.አ. ስትጀምር የካልሲ አሻንጉሊት ነበረች። የአሜሪካኑን ታዋቂ የእንቁራሪት አሻንጉሊት፣ ኬርሚትን፣ የሠራው ሰውም በ1955 እ.ኤ.አ. የእናቱን አሮጌ ካፖርት ቆርጦ ነው፤ ዓይኖቹ የፒንግ ፖንግ ኳስ ናቸው። ዋሽንግተን ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ከካፖርቱ የተሠራውን ያን እንቁራሪት ዛሬም ያስቀምጠዋል። እኛ የመንዝ ጸጉር አለን። ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት፤ የድሮውን እያዩ።

የድሮው የመድረክ ሰው
ልጆቹ ከሠሩት እኔ እጅ አስገብቶ ማንቀሳቀሱን አስተምራለሁ። አንበሳውን ግን አንድ ጊዜ ልየው። ልነካው አይደለም፤ ልየው ብቻ።

ከአጣዬ
የጻፍኩትን አልመለስበትም። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቤቱ ሲቃጠል የእናቴ ፎቶ አብሮ ሄደ። ቤቱን ሠራን፤ ፎቶው ግን የለም። ሳጥኑን ከመንካታችሁ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከውስጥ። ለሦስት ሰው ስልክ ላኩት። አንዱ እኔ ልሁን።

ጥያቄውን ያነሳው
እሺ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳጥኑ ይከፈታል። መጀመሪያ ፎቶ። አንበሳው በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ጨለማ ቦታ ይተኛል፤ የረገፈውም ስፖንጅ በትንሽ ዕቃ አብሮት ይቀመጣል። ጭላዳው ማቀዝቀዣ ይገባል፤ ሲወጣ የመንዙ ወንድማችን ይሰፋዋል። አዲሱ ጸጉር የት የት እንደገባ በወረቀት ይጻፍ፤ የእናቱም ስም ይጻፍበት። ጋሼ፣ በጠዋት ብርድ ነውና ጋቢዎን ደርበው ይምጡ።