«ጾም ጉበትን ያሳርፋል» ያለው ማነው?

ዘካዛንቺስ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ የቀረበው «የጤና አማካሪ» ሲሮሲስ (የጉበት መጠጠር) ላለበት ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ይጹም፣ ጾም ጉበትን ያሳርፋል፤ ፕሮቲንም ይቀንስ።» ጋዜጠኛውም አመስግኖ ሙዚቃ ለቀቀ። ጉበት የቀን ሠራተኛ ነው እንዴ የሚያርፈው? ጤነኛ ጉበት ለሌሊት የሚሆን ስኳር ያከማቻል፣ የጠጠረው ግን ጎተራው ጠቧል። አንድ ሌሊት ሳይበላ ሲያድር ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን የተራበውን ያህል ይሆናል። ማታ 2 ሰዓት በልቶ እስከ ማግስቱ 9 ከቆየ 19 ሰዓት ነው። በዚያ መሃል የሚበላው የገዛ ጡንቻውን ነው።

ሽሮ በአዋዜ፦ በጾም ማላገጥ ፋሽን ሆነ። የምስርና የሽንብራ ፕሮቲን ከሥጋው ይልቅ ለጉበት ሕመምተኛ ይስማማል፣ በተለይ መቃዠት ለጀመረው። ትክዳለህ?

ዘካዛንቺስ፦ ምግቡን ማን ነካው? ሰዓቱን ነው ያልኩት። «ያሳርፋል» የምትለዋን አስረዳኝ።

ሲስተር፦ ሁለታችሁም «ፕሮቲን ይቀንስ» የሚለውን ዘለላችሁት። ሰው የሚጎዳው እሱ ነው። ድሮ «ፕሮቲን አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል፣ አሞኒያው ጭንቅላት ላይ ይወጣል» ተብሎ ይከለከል ነበር፤ ዛሬ ቀርቷል። አሞኒያውን ከጉበት ቀጥሎ የሚያጠራው ጡንቻ ነው፣ ጡንቻው ሲያልቅ መቃዠቱ ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰቅሰው ደግሞ የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን ወይም የውስጥ መድማት ነው።
60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን ከ72 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። በጾም ምግብ ቁጠሩት፦ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9፣ 50 ግራም የሽሮ ዱቄት 10፣ አንድ እፍኝ የሽንብራ ቆሎ 8፣ አንድ እንጀራ 10 ቢሆን። ድምሩ 37፣ ገና ግማሽ ገደማ ነው። ይሞላል፣ ግን ከ9 ሰዓት በኋላ በአንድ ማዕድ አይሞላም። ሆዱ ውሃ የያዘ ሰው ጨጓራው ስለሚጨቆን በአምስት ጉርሻ ይጠግባል። ስለዚህ በቀን አምስት ስድስቴ፣ ትንሽ ትንሽ። ከመኝታ በፊት ደግሞ 70 ግራም ያህል የበሶ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ሌሊቱን የሚያሻግረው እሷ ናት።

ወለተ፦ ቤተ ክርስቲያን እኮ ሕመምተኛን አታስገድድም። የንስሐ አባቱን ያማክር። ሬዲዮ መቼ ነው ቀኖና መስጠት የጀመረው?

ሽሮ በአዋዜ፦ እሺ ጉበቱ ላይ ስብ ያለበትስ? ክብደቱን ከ7 እስከ 10 በመቶ ቢቀንስ ቁስለቱ ይሻለዋል። እሱን ጾም አያሳርፈውም?

ዘካዛንቺስ፦ ሰውየው «ሲሮሲስ» ነው ያለው፣ በጆሮዬ። ደግሞ ሁዳዴን በዘይት በተጥለቀለቀ ፓስታና በለስላሳ የሚጾም ሰው ለፋሲካ የሚደርሰው ስብ ጨምሮ ነው።

ቅመም ቤት፦ ሽሮ ሽሮ ስትሉ ጨዉስ? የገበያ ሽሮና በርበሬ ብዙውን ጊዜ ጨው ገብቶበት ነው የሚሸጠው፤ ድስት ላይ ደግሞ ይደገማል። ሆዱ ውሃ የያዘ ሰው የቀን ድርሻው 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። 9 ግራም ጨው አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ይቀራል። ለእሱ ለብቻው ያለ ጨው ይፈጭለት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማና በሎሚ ይጣፍጥ።

ሽሮ በአዋዜ፦ ጨው የሌለው ሽሮ? ከዚያስ መጾም ይሻላል።

ሲስተር፦ ስትቀልድ እውነት ተናገርክ። ምግቡ አልጥም ብሎት ከተወው ከጨዉ ይልቅ ረሃቡ ነው የሚጥለው፤ ያን ጊዜ ትንሽ ጨው ይግባለት። «የጨው ምትክ» የሚባለውን ግን ተዉት። ፖታሲየም ነው፤ ስፒሮኖላክቶን የሚባለውን የሆድ ውሃ መቀነሻ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ፖታሲየሙ ከመጠን ካለፈ ልብ እስከ ማቆም ይደርሳል።

ዘሐረር፦ ቡናስ? ጉበት ያመመውን ሁሉም ቡና ይከለክለዋል።

ቅመም ቤት፦ ያለ ምክንያት ነው የሚከለክሉት። ቡና የሚጠጣ ሰው ጉበቱ የመጠጠር ዕድሉ ያነሰ ሆኖ ነው የተገኘው። ስኳሩ ይቅር። በጨው የሚጠጣም ከ5 ግራሙ ይቀንስ።

ዘሐረር፦ በጨው? ቡናን በጨው የሚጠጣ ሰው ጉበት አይገባውም።

ወለተ፦ ወንድሜ፣ አያቶቻችንን አትንካ።

ዘካዛንቺስ፦ «ያሳርፋል» እስካሁን አልተመለሰችም።

ሽሮ በአዋዜ፦ ጉበቱ ይቅርና አንተን ያሳርፍልን።