የነሐሴ 16 የጋራ ዕቅድ

ጸሐፊ፦ የሰቆጣ፣ የላስታና የቆቦ ተወላጆች ገንዘብ ለማዋጣት የተስማማነው፣ በየአካባቢያችን በቅደም ተከተል ሻደይ፣ አሸንድዬና ሶለል የምንለውን የልጃገረዶች በዓል ግጥም ከነዜማው የሚያውቁ እናቶች በሕይወት እያሉ ድምፃቸውን ቀርጸን አዲስ አበባ ለተወለዱ ልጆቻችን ለማስተማር ነው። ረቂቁ ላይ አስተያየት ስጡ።

የሰቆጣ ተወካይ፦ በባነሩ ናሙና ላይ «አሸንድዬ» ከ«ሻደይ» ቀድሞ ተጽፏል። ይህ ካልተስተካከለ የእኛ መዋጮ አይገባም።

የላስታ ተወካይ፦ ልጃገረዶቻችን ፍልሰታን ጾመው ሲፈቱ በመጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት፣ ቀጥሎም ከበሮ ይዘው በየቤቱ የሚዞሩት በሰቆጣም በላሊበላም ነው። በወገባቸው የሚያስሩት ቅጠል አንድ ሆኖ ሳለ በስም ተራ ምክንያት መዋጮ መከልከል ያሳፍራል።

የቆቦ ተወካይ፦ በፊደል ተራ ይጻፍ። «ሰ» ከ«ሸ»፣ «ሸ» ከ«አ» ስለሚቀድም ሶለል፣ ሻደይ፣ አሸንድዬ ይሆናል።

የሰቆጣ ተወካይ፦ ለራስህ የሚስማማውን መርጠህ ሕግ አታስመስለው። በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ ሻደይ ቀድሞ ነበር፤ ማን እንደለወጠው ይነገረን።

የላስታ ተወካይ፦ እኔን መጠርጠርህ ከሆነ በግልጽ ተናገር።

የሴቶች ክፍል ተጠሪ፦ ልጆቼ፣ ስለ ስሙ ይህን ያህል ስትጻጻፉ ቅጠሉ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ የለም። አምና ልጆቹ አረንጓዴ ጨርቅ ቆርጠው ታጠቁ፤ የልጅ ልጄ «ቅጠሉ የታለ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። እኛ ትኩሱን ታጥቀን፣ ስንጨፍር እየተንሿሿ ነው ያደግነው።

የሰቆጣ ተወካይ፦ እትዬ፣ ቃሌ ከብዶ ከሆነ ይቅርታ። ቅጠሉን ነሐሴ 14 ቀን በአውቶቡስ አስጭናለሁ፤ በስሙ ተራ ግን አልለወጥም።

ሒሳብ ሹም፦ እንግዲያው ሦስት ባነር ይሠራ፤ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን ስም ያስቀድም። ለዚህና ለቅጠሉ ማጓጓዣ የሚሆነው ገንዘብ ግን ለድምፅ ቀረጻ ከተያዘው ላይ ብቻ ነው የሚገኘው።

የላስታ ተወካይ፦ በሦስት ባነር እስማማለሁ።

የቆቦ ተወካይ፦ እኔም።

የሴቶች ክፍል ተጠሪ፦ ቅጠሉን ፈለግሁ እንጂ ቀረጻው ይቅር አላልኩም። ግጥሙን ለልጆቹ ማን ያስተምራቸዋል?

ጸሐፊ፦ ለመቅረጽ ፈቃደኛ የነበሩት ሁለት አባላት ከሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሡም። ሌላ የሚተካ ካለ እስከ ዓርብ ያሳውቀኝ፤ ባነሩ ግን ነገ ለማተሚያ ቤት ስለሚሰጥ የሦስቱንም ጽሑፍ ዛሬ ማታ ላኩልኝ።

የሰቆጣ ተወካይ፦ የእኛ ባነር ከሌሎቹ ያነሰ እንዳይሆን ልኩን አስቀድማችሁ አሳውቁን።