ፎር ዊል ለከተማ ሰው ታይታ ነው?

ባለ ራቭ ፎር፦
ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ በሬዲዮ አንድ የትራንስፖርት ባለሙያ ነኝ ያለ እንግዳ «አዲስ አበባ ውስጥ ፎር ዊል፣ ማለትም በአራቱም ጎማ የሚሄድ፣ የቤተሰብ መኪና መያዝ ታይታ ነው» ሲል መሪውን ልነክሰው ምንም አልቀረኝም። ጋዜጠኛውም «እውነት ነው፣ መንገዱ ሁሉ ተሠርቷል» ብሎ አጀበው። አዎ፣ ተሠርቷል። የኮሪደር ልማቱን አይተናል፣ አድንቀናል። እኔ ግን የምኖረው ኮሪደሩ ላይ አይደለም። ከአያት ሰፈር ወደ ውስጥ ትገባለህ፣ አስፋልቱ ያልቃል፣ ኮብልስቶኑ ያልቃል፣ ቀይ አሸዋው ያልቃል፣ ከዚያ ዋልካው ይጀምራል። የእኔ በር እዚያ ነው። እንግዳውን ሐምሌ ላይ ለቁርስ ልጋብዘው እወዳለሁ፤ በትንሽ መኪናው ይምጣ።

የእኔዋ እ.ኤ.አ. የ2003 ሥሪት ቶዮታ ራቭ ፎር ናት። ሞተሯ 1.8 ሊትር ስለሆነ እንደ ሌሎቹ ነዳጅ አትጠጣም። ፖርታ ባጋጅ አስገጥሜላታለሁ፣ የጭጋግ መብራት ጨምሬላታለሁ፣ የጎን መርገጫም አላት። ከኋላ ያለው ቅያሪ ጎማ ላይ ንስር የተሳለበት ሽፋን አለ። አራት ክረምት አሳልፋኛለች። ይህ ታይታ ከሆነ ይሁን።

ቪትዝ ይበቃኛል፦
ከጭቃው የሚያወጣህ ንስሩ ነው?

ሰውየው ያለው እኮ ልክ ነው። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ቆየ። በዓመት ለሃያ ቀን ጭቃ ብሎ ዓመቱን ሙሉ የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍል ዲፈረንሻል ከፊትም ከኋላም ተሸክሞ መዞር፣ ዝናብ ይመጣል ብሎ ጥር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ እንደመሄድ ነው። ጭቃ ያለበት ሰፈር መኖር ደግሞ ምርጫ ነው። መርጠህ ከገባህ በኋላ ጋዜጠኛ ላይ አትቆጣ።

የሦስት ልጆች እናት፦
ምርጫ?

ወንድሜ፣ እኔ ኮንዶሚኒየም የደረሰኝ በዕጣ ነው። ስንት ዓመት ቆጥቤ፣ ስሜ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ዕጣ ማለት ምርጫ ከሆነ አማርኛውን እንደገና ልማር።

ባለ ራቭ ፎር፦
ተይው እህቴ፣ እሱ የተወለደው ካዛንቺስ አስፋልት ላይ ነው። «ምርጫ» አለ! ነገ ደግሞ ዝናቡንም መርጣችሁ ነው ይለናል።

ቪትዝ ይበቃኛል፦
ካዛንቺስ አልተወለድኩም፤ ብወለድም ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ አሁን የት እንደምገኝ ታውቃለህ። ቃሌን አልለውጥም። ቤቱ በዕጣ ይደርሳል፤ መኪናው ግን በዕጣ አይደርስም። ያልኩት ስለ መኪናው ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
አላልክም። «ጭቃ ያለበት ሰፈር መኖር ምርጫ ነው» ነው ያልከው። ከላይ ተጽፏል፣ ወጣ ብለህ አንብበው።

ጎሚስታው፦
ስለ ታይታው እናንተ ጨርሱ። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰው ፎር ዊል ይገዛል፤ ጎማ ሲያልቅበት ግን ሁለት ብቻ ይቀይራል። «ሁለቱ ገና ደኅና ናቸው» ይለኛል። አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ደኅና ናቸው የሚላቸው 3 ሚሊ ሜትር ቀርቷቸዋል። በዚህ ልዩነት የፊቱና የኋላው ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ የ14 ሜትር ያህል ይለያያሉ። ያንን ልዩነት ማን ይውጠው? ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የመሐሉ ማከፋፈያ ነው የሚውጠው፤ ቀን ከሌት እየጋለ። ከዚያ መኪናዋ ስትዞር ታቃስታለች፣ ባለቤቱ ደግሞ «የራቭ ፎር ጠባይ ነው» ይላል። የራቭ ፎር ጠባይ አይደለም፣ የአንተ ጠባይ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ያስፈታ ሰው መጥቶብኛል። ጋራዡ «ቀለል ትላለች» ብሎ ፈታለት። ያቺ መኪና ግን ዘወትር በአራቱም ጎማ የምትሄድ የድሮ ሥሪት ነበረች። ዘንጉ ሲወጣ ጉልበቱ ሁሉ በመሐል ባለችው ወፍራም ፈሳሽ በያዘች ዕቃ ላይ ወደቀ። እሷ የተሠራችው ለጊዜው ለመርዳት እንጂ መኪና ለብቻዋ ለመጎተት አይደለም። በሁለት ወር ውስጥ ተቃጠለች። የቆጠበው ነዳጅ ለክሬን አልበቃውም።

ቪትዝ ይበቃኛል፦
አመሰግናለሁ ጎሚስታው። እኔ ያልኩትን ነው በሚሊ ሜትር የለካህልኝ። ሁለት ጎማ ብቻ መቀየር የማይቻልበት መኪና ለደመወዝተኛ አይሆንም።

ቻርጅ ላይ ነኝ፦
እናንተ ገና ስለ ዘንግና ስለ ዲፈረንሻል ትነታረካላችሁ። ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም፤ ነገሩ አልቋል። ሁለት ሞተር ያለው የኤሌክትሪክ መኪና አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ነው፤ በመሐላቸው ዘንግ የለም፣ የሚቃጠል ፈሳሽ የለም፣ ዘይት ቅየራ የለም። ማታ ቤቴ ሰክቼ እተኛለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦
የአንተስ ሁለት ሞተር አላት?

ቻርጅ ላይ ነኝ፦
የእኔ የቮልስዋገን አይዲ ፎር ናት። ባለ አንድ ሞተር።

ባለ ራቭ ፎር፦
ከፊት ነው ከኋላ?

ቻርጅ ላይ ነኝ፦
ከኋላ። ግን በቂ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
ከኋላ እየገፋች ዋልካ ላይ! እንግዲህ ባትሪው ወለሉ ሥር መሆኑን አትርሳ፤ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ከእኔ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ይልቅ የአንተ ባትሪ ነው የሚያሳስበኝ።

እኔ ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ ነው የምነዳው። ሰው ሲያየኝ «ሴትዮዋ ለምን ይህን ትነዳለች» ይላል። ባለቤቴ ከመንዝ ነው። ለቅሶ ስንደርስ ደብረ ብርሃን ድረስ 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፤ እዚያ ድረስ ቪትዝም ይሄዳል፣ አልክድም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ሄዶ ያየ ያውቃል። አማቴን፣ ሦስት ልጆችና የልቅሶ እንጀራ ይዤ ከጉልበት በላይ በሆነ ጭቃ ውስጥ ማርሹን ወደ ዝቅተኛው አውርጄ፣ የመሐሉን ማከፋፈያ ቆልፌ ወጥቻለሁ። ታይታ ከሆነ ያየኝ አንድ እረኛ ብቻ ነው።

ቪትዝ ይበቃኛል፦
በዓመት ስንት ለቅሶ?

የሦስት ልጆች እናት፦
የሚሞተው ሰው አስቀድሞ አይነግረኝም።

የዴንቨሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ነው፤ ሱባሩ አውትባክ አለኝ። እዚህ በረዶ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አራቱም ጎማ መጎተቱ እንድትነሣ ያደርግሃል እንጂ እንድትቆም አያደርግህም። ሁሉም መኪና ፍሬን የሚይዘው በአራት ጎማ ነው፤ በዚህ ቪትዝና ሱባሩ እኩል ናቸው። ለዚህ ነው ወደ ተራራው በሚወስደው ኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ላይ ከመስከረም እስከ ግንቦት ያለው ሕግ ፎር ዊል ላለውም ሰው የጎማ ጥርስ የሚለካው፤ አምስት ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጥርስ ከሌለህ ፎር ዊል መሆንህ ከቅጣት አያድንህም። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ያደረገ ሱባሩ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ቪትዝ ይበቃኛል፦
ጎማ ብቻ ከሆነ እኔም ጥሩ ጎማ አስገባለሁ፤ ጉዳዩ ተዘጋ።

ባለ ራቭ ፎር፦
የኮሎራዶ በረዶ ስለ አያት ጭቃ ምን ያውቃል? ውጭ አገር ያላችሁ ሰዎች ሁሉም ነገር ላይ ሕጋችሁን ካልጠቀሳችሁ እንቅልፍ አይወስዳችሁም።

የዴንቨሩ፦
ወንድሜ፣ ስንናገር ነው የውጭ ሰው የምንሆነው፤ ዕቃ ስንላክ ግን ወገን ነን። ባለፈው ገና ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታና ጉልበቱን ወደ ጎማው የሚያደርስ አንድ መጋጠሚያ፣ ሲቪ ጆይንት፣ ነበር። አንዱም የእኔ አልነበረም። ሚስቴ ልብሷን በእጅ ይዛ ነው የገባችው።

ጎሚስታው፦
ሲቪ ጆይንቱ ለማን ነበር? እኔ ጋ አንድ ሰው ከአሜሪካ መጣልኝ ብሎ የማትገጥም ይዞ መጥቶ ነበር።

የዴንቨሩ፦
እንዳትነግረኝ።

የድሮ ሾፌር፦
ልጆቼ፣ ብዙ ጊዜ ሳነብ ብቻ ነው የምቆየው። «ፎር ዊል፣ ፎር ዊል» ስትሉ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። በ1977ቱ ድርቅ ወሎ ላይ ላንድ ሮቨር ነድቻለሁ። ፎር ዊል ማስገባት ማለት ያን ጊዜ ዝናብ ላይ ወርዶ የፊት ጎማዎቹን እምብርት በእጅ አዙሮ መቆለፍ ነበር። እናንተ ቁልፍ ትጫናላችሁ። ከ2003ቷ ቀጥላ የመጣችው ራቭ ፎር ደግሞ የቆለፋችሁትን በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ራሷ ትፈታዋለች። ይህችን ባለ ሁለት ልብ መኪና ከዚያኛው ጋር በአንድ ስም አትጥሯት።

ዋልካ ስላላችሁት ደግሞ፣ ዋልካ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ክብ ሸክላ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ፎር ዊል ማለት በሁለት ፈንታ በአራት ቦታ መንሸራተት ነው። እኛ የጎማውን ነፋስ ቀነስ አድርገን፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከሥር አንጥፈን ነበር የምንወጣው።

ባለ ራቭ ፎር፦
ጋሼ፣ ክብረት ይስጥልኝ፤ እርስዎ ያሉትን አልክድም። ግን የእኔን መኪና እንዲህ ባያቃልሏት። አራት ክረምት ነው ያልኩት።

ጎሚስታው፦
ባለ ራቭ ፎር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መጀመሪያ ላይ ሞተሯ 1.8 ነው ብለሃል አይደል?

ባለ ራቭ ፎር፦
አዎ። ከ2 ሊትሩ ይልቅ ቆጣቢ ናት።

ጎሚስታው፦
የዚያ ዘመን 1.8 ሞተር ያላት ራቭ ፎር በእጄ ያለፈችው ሁሉ በፊት ጎማ ብቻ የምትሄድ ናት። ዘወትር በአራት ጎማ የምትሄደው ባለ 2 ሊትሯ ናት። ከኋላ ጎንበስ ብለህ እይ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሐል ሐብሐብ የሚያህል ብረት ካለ ዲፈረንሻል ነው። ከሌለ የለም።

ባለ ራቭ ፎር፦
ከኋላዋ ግን «ፎር ደብሊው ዲ» የሚል ተጽፎባታል።

ቪትዝ ይበቃኛል፦
ያ ተለጣፊ ነው! የጎን መርገጫውን ከገዛህበት ሱቅ እሱም ይሸጣል። እኔ ቪትዜ ላይ ሦስት ልለጥፍ።

የሦስት ልጆች እናት፦
እንዴ፣ አትሳቁበት። ስትገዛ የሸጠልህ ሰው ምን አለህ?

ባለ ራቭ ፎር፦
«ሙሉ ፎር ዊል» ነው ያለኝ። ዋጋም የጨመረብኝ በዚያ ነው። መኪና ከ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ በኋላ፣ አሮጌው እስከ 500 በመቶ ከተጣለበት በኋላ፣ መቼ በርጋታ ተጎንብሶ ይገዛል? ሌላ ገዥ ቆሞ ነበር።

ቻርጅ ላይ ነኝ፦
ቢያንስ የእኔ ከኋላ መሆኑን አውቃለሁ።

ቪትዝ ይበቃኛል፦
እንግዲህ አስቡት። ሰውየው በፊት ጎማ ብቻ አራት ክረምት አያት ጭቃ ውስጥ ኖሯል። የሬዲዮው እንግዳ ምን አጠፋ? ፎር ዊል ሳይኖረው ነው ፎር ዊል ያስፈልጋል እያለ የሚምለው።

ጎሚስታው፦
እሱም ቢሆን አይደለም። ራቭ ፎር ሆዷ ከመሬት 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የአንተ ቪትዝ ያን ያህል የላትም። እሱ የወጣው በቁመቷ ነው። አንተ እዚያ ብትገባ የምትቀመጠው በሆድህ ነው፤ ያን ጊዜ ጎማህ አራቱም ቢዞር፣ አንዱም ባይዞር ያው ነው። በዚህ ከተማ ሰው ፎር ዊል እያለ የሚገዛው ቁመትን ነው።

ቪትዝ ይበቃኛል፦
ታዲያ ከፍ የሚያደርጋት ማንሻ ላስገጥም?

ጎሚስታው፦
አታስገጥም። ሲቪ ጆይንቱ ይጣመምና መሸፈኛ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ቅባቱ ይወጣል፣ አቧራ ይገባል። ከዚያ የዴንቨሩን ሻንጣ ትፈልጋለህ።

የዴንቨሩ፦
ሻንጣዬ ሞልቷል።

የሦስት ልጆች እናት፦
ቁመት ብቻ አይደለም ጎሚስታው። እኔ መንዝ ላይ ቁመት ነበረኝ፣ ሳልቆልፈው ግን አልወጣሁም። ሁሉንም የአያት ልክ አታድርገው።

የድሮ ሾፌር፦
ልጄ ልክ ናት። እሷ የያዘችው ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ነው።

ቪትዝ ይበቃኛል፦
ጋሼ፣ እርስዎ የሷ ወገን ነዎት።

የድሮ ሾፌር፦
የመኪናዋ ወገን ነኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦
ባለ ራቭ ፎር የት ጠፋ?

ባለ ራቭ ፎር፦
ውጭ ነኝ። የስልኬን መብራት ይዤ ተጎንብሼ ነበር። ጭቃ ሸፍኖታል፣ አይታይም። የሆነ ክብ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ማርሚታም ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጎረቤቴ ክሪክ ያመጣልኛል።

ቪትዝ ይበቃኛል፦
ፎቶ አንሣ። ንስሩም ይግባ።

ቻርጅ ላይ ነኝ፦
ከጉዳዩ ውጭ ልጠይቅ፤ በአይዲ ፎር ልክ የተሰፋ የወንበር ልብስ መርካቶ ያየ አለ?