የአያቴ ውጅግራ ዕድሜው ስንት ነው?

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከጅማ ነው። የድሮ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው እርዳታ ፈልጌ ነው። አያቴ በቡና ማሳቸው ዙሪያ ከርከሮ ያድኑበት የነበረ ጠመንጃ አለን፤ ፈቃዱ አሁን በአጎቴ ስም ነው። ዕድሜውን ማወቅ ግን አቃተን።

ፈረንሳይ ሠራሽ ውጅግራ መሆኑ አያከራክርም። የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ጎኑ ላይ ሳንት ኤትየን (የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የነበረባት የፈረንሳይ ከተማ)፣ 1874 ይላል (ሁሉም ዓመት በፈረንጅ ነው)። እሱ ግን የሞዴሉ ስም እንጂ የተሠራበት ጊዜ አይደለም። አጠገቡ «ኤም 80» አለ፤ የ1880ው ማሻሻያ ማለት ነው። በርሜሉ ላይ ደግሞ 1877 ተመቷል።

የቸገረኝ ከዚህ በኋላ ነው። እንጨቱ አጥሯል፣ የበርሜሉ ውስጥም ልሙጥ ነው። ከጦር ሠራዊት ወጥቶ ለአደን ተቀይሯል ማለት ነው። የቤልጂጓ የሊዬዥ ከተማ የፍተሻ ማኅተምም (በርሜሉ ተኩስ መቻሉ ሲፈተን የሚመታ) አለው፤ ሞላላ ሆኖ ከላዩ ዘውድ አለው። ዘውዱ የተጨመረው በ1893 ነው። ከ1922 ጀምሮ የሚመታው የዓመት ፊደል ግን የለበትም። የተቀየረበትን ጊዜ ሳላውቅ በ1893 እና በ1922 መሃል ተንጠልጥዬ ቀረሁ። አጎቴ «የአድዋ ነው» ብለው ድርቅ ብለዋል። ለአደን የተቀየረ ጠመንጃ አድዋ ምን ይሠራል? እሳቸው ፊት ግን ይህን አልደፍርም።

ጊዜውን የሚያጠብብ ሌላ ምልክት የት ልፈልግ? ኮከብ ያለበት ትንሽ ፊደልም አይቻለሁ፣ የፈታሹ ይመስለኛል። ከሱ ዓመት ይገኛል? ዝገቱንስ ማኅተሙን ሳልጎዳ በምን ላንሳው?