ለመኪና ውስጥ እጥበት ቫኪዩም ወይስ ኤክስትራክተር? (አዳማ)

ሰላም፣ አዳማ ላለ ላቫጆ የወንበርና የሞኬት ማጠቢያ ማሽን መምረጥ አቅቶኛል።

አንዱ ባለ 30 ሊትር፣ 1400 ዋት፣ ደረቅም እርጥብም የሚስብ ቫኪዩም ነው፤ ሻምፖው በእጅ ይረጫል፣ በብሩሽ ይታሻል፣ ከዚያ ይመጠጣል። ሌላው ራሱ እየረጨ ራሱ የሚመጥ ኤክስትራክተር ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ጭንቀቴ የወንበሩ ስፖንጅ ነው። ውሃ ከበዛ ጨርቁን አልፎ ስፖንጁ ውስጥ ይተኛል። ወንበሩ ማታ ንጹህ መስሎ ያድራል፤ በማግስቱ እርጥበቱ ቆሻሻውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ዳሩ ቡናማ የሆነ ክብ እድፍ ይታያል። ሻምፖው በደንብ ካልታጠበ ደግሞ ጨርቁ ሲደርቅ ይሻክርና አቧራ ይይዛል። በር ከፍቶ እንዳይደርቅ የአዳማ ነፋስ አቧራውን መልሶ ያስገባዋል! ስለዚህ ዋናው ነገር ማሽኑ ስንት ውሃ መልሶ ያወጣል የሚለው ነው።

ጥያቄዎቼ፦ ቫኪዩሙ ላይ ውሃው ሲያልፍ የሚታይበት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠባብ አፍ ቢገጠም ኤክስትራክተሩን ይተካል? ወይስ የመሳብ አቅሙ አይበቃም?

ሁለተኛ፣ 2000 ዋት የእንፋሎት ማሽን ቢጨመር ከቫኪዩሙ ጋር 3400 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት 15.5 አምፔር ገደማ። ብሬከሩ 16 አምፔር ስለሆነ አብሮ ማስነሳት አያስተማምንም። ለዳሽቦርድና ለአየር ማውጫ ቀዳዳዎች ብቻ እንፋሎት መግዛት ያዋጣል? ለመኪናው ኮርኒስማ አልደፍርም፤ ጨርቁን የያዘው ሙጫ ይለቃል።

የሠራችሁበት ካላችሁ የሞተሩን ዋትና የአፉን ስፋት ጻፉልኝ።