ዋልቴዮፍ «የሚገባውን አገኘ»?

ሄኖክ፦ «ዋልቴዮፍ ሁለቴ ከድቶ የሚገባውን አገኘ» የሚል ጽሑፍ እዚህ አንብቤ ደሜ ፈላ። እ.ኤ.አ. በ1075 ከኖርማንዲ (ከዛሬዋ ፈረንሳይ) መጥቶ እንግሊዝን በያዘው ኖርማን ንጉሥ በዊልያም ላይ ያሴሩት መሳፍንት ሦስት ናቸው፦ ራልፍ፣ ሮጀርና እንግሊዛዊው ዋልቴዮፍ። ራልፍ ወደ ብሪታኒ አመለጠ፣ ሮጀር ታሰረ። አንገቱ የተቀላው እንግሊዛዊው ብቻ ነው! ይሄ ነው የሚገባው?

ጋሽ ታደሰ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልመልሰውም። ኖርማኑ በኖርማን ሕግ ርስቱን ተነጥቆ ይታሰራል፤ እንግሊዛዊው በአገሩ ሕግ ይሞታል። ደግሞ በ1069 ከዴንማርኮች ጋር የሰሜን እንግሊዟን ከተማ ዮርክን አጥቅቶ ምሕረት ተደርጎለት ነበር።

ማህሌት፦ ሕጉስ ይሁን፣ ጋሼ። ግን ሰውየው ሴራውን ለሊቀ ጳጳስ ላንፍራንክ ተናዞ፣ ባሕር ተሻግሮ ንጉሡን ይቅርታ ለምኗል፤ ሀብቱንም አቅርቧል። ዊንቸስተር አስረው አቆይተው ሜይ 31 ቀን 1076 ገደሉት። የተናዘዘ ሰው እንዲህ ይደረጋል?

ጋሽ ታደሰ፦ መናዘዙ ከመሐላ በኋላ ነው፣ ልጄ። ለንጉሡ ምሎ አፈረሰ፤ የሚገባውን አገኘ።

ከድር፦ የካርልን ልጆች የሚያነሳ ጠፋ እንዴ? ካርል የሚባል ባላባት የዋልቴዮፍን የእናቱን አባት ስለገደለ፣ ዋልቴዮፍ የካርልን ልጆች ሴትሪንግተን በሚባል ቦታ ማዕድ እንደቀረቡ አስገደላቸው።

ሄኖክ፦ ደም መመለስ ያኔ የሰሜን ባላባት ልማድ ነበር። የተቀጣው በዚህ አይደለም፤ አታደባልቅ።

ሰላም፦ የኔ ቁጭት ሌላ ነው። ከዮርክ በኋላ ዊልያም ሰሜኑን አቃጥሎ ገበሬው በረሃብ አለቀ። ዋልቴዮፍ ግን ቲስ ወንዝ ዳር እጁን ሰጥቶ የንጉሡን የእህት ልጅ ጁዲትን አገባ፤ በ1072 በሰሜኑ ግዛት በኖርዘምብሪያ ላይ ተሾመ። ሰማዕት ከተባለ እነዚያ ገበሬዎች ናቸው።

ማህሌት፦ ሕዝቡ ታዲያ ለምን ወደ መቃብሩ ጎረፈ? የተቀበረበት የክሮውላንድ ገዳም መነኮሳት በ1092 ሲከፍቱት አንገቱ ተጋጥሞ፣ ቀይ ክር የመሰለ ምልክት ብቻ ቀርቶ አገኙት ይባላል።

ከድር፦ «ይባላል»! ያሉት መነኮሳቱ ናቸው፤ አዲስ ቅዱስ ለገዳም ገቢ ነው።

ማህሌት፦ ባታምን መብትህ ነው። ሬሳውን ከተጣለበት ጉድጓድ አውጥተው በክብር የቀበሩትን ግን በገንዘብ አትማ!

ጋሽ ታደሰ፦ ከርዕሱ አትውጡ። እኔ የተናገርኩት ስለ መሐላው ነው።

ሄኖክ፦ ሮጀርም ምሎ ነበር፣ ጋሼ፤ እሱ ጦር እስከማንሳት ደረሰ። ዋልቴዮፍ አላነሳም። የሮጀር አንገት ለምን ተረፈ? ሕጉን ደግመው አይንገሩኝ፤ የሚገባው ይሄ ነው ወይ ብዬ ነው የጠየቅኩት።