«ዘፈን» የእግር ነው ወይስ የአፍ?

የሠርግ ጸሐፊ

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የእኅቴ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የዕለቱን መርሐ ግብር የማዘጋጀቱ ሥራም በእኔ ላይ ወድቋል። ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት «የዘፈን ጊዜ» ብዬ ብጽፈው፣ የሙሽራው አጎት «ዘፈን የሚል ቃል ባለበት ወረቀት ላይ የልጃችን ስም አይወጣም» አሉ። ለማስረጃም በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 5 «ዘፋኝነት» ከመግደልና ከስካር ጋር አብሮ መቆጠሩን ጠቀሱ። አያቴ ይህን ሲሰሙ «እኔም ብሆን ዘፈን አልችልበትም፤ ለእኔ የሚሆነኝ ማውጣት ነው» ብለው ቤቱን በሙሉ አሳቁት። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ንግግራቸው ይከነክነኝ ጀመር፤ ምክንያቱም አያቴ በድምፃቸው የታወቁ፣ በየሠርጉ ግጥም እያወጡ ሌላውን የሚያስቀበሉ ሴት ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰው «ዘፈን አልችልበትም» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? የቃሉ መነሻ ምን እንደ ሆነ፣ መዝሙርና ማኅሌት ከሚባሉትስ በምን እንደሚለይ የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ግስ አገላባጭ

አያትዎ ቃሉን በጥንቱ ትርጉሙ ነው የተጠቀሙበት። በግዕዝ «ዘፈነ» ማለት ዘለለ፣ በእግሩ ጨፈረ ማለት ነው፤ ኦጉስት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተሙት የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላትም ቃሉን የፈቱት በጭፈራ እንጂ በዜማ አይደለም። በአፍ ለሚወጣው ግዕዝ ሌሎች ግሶች አሉት። አንደኛው «ሐለየ» ሲሆን ማኅሌትም ሆነ መኃልየ መኃልይ የሚለው የመጽሐፍ ስም የተገኘው ከእርሱ ነው፤ (በነገራችን ላይ ይህ መጽሐፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ የወንድና የሴት ፍቅር የሚዜምበት ሆኖ ሳለ ስሙ ዘፈን አልተባለም።) ሁለተኛው «ዘመረ» ነው፤ ከዕብራይስጡ «ሚዝሞር» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ መዝሙርንም ዘማሪንም ወልዷል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን አዝማሪም የዚሁ ቤት ልጅ መሆኑን ነው። በየጠጅ ቤቱ ማሲንቆውን ይዞ ታዳሚውን እያወደሰና እየሸነቆጠ የሚያዜመው ሰው የሚጠራበት ስም ከዘማሪው ጋር ሥር ይጋራል፤ ከዘፈን ጋር ግን በቃል ደረጃ ምንም ዝምድና የለውም።

የጥንቱ ትርጉም በአማርኛም ቶሎ አልጠፋም። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሄሮድያዳ ልጅ በልደት ግብዣው ላይ «ዘፈነች» የሚለውን ስናነብ፣ ልጅቱ ድምፅዋን አሰማች ማለቱ አይደለም፤ የግሪኩ ቃል ጭፈራን ብቻ የሚያመለክት ነው። ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ይዘፍን ነበር የተባለውም እንደዚሁ ሲሆን፣ ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አይታ የናቀችው አዘላለሉን እንጂ ዜማውን አልነበረም።

የወሎ ልጅ

ከላይ በተባለው ላይ ከዐረብኛው ወገን አንድ ነገር ልጨምር። «ዘፈነ» በጥንቱ ዐረብኛም አለ፤ ትርጉሙም ያው ጭፈራ ነው። ሶሒሕ ሙስሊም በተባለው የሐዲስ ስብስብ ውስጥ የነቢዩ ባለቤት እመት ዓኢሻ ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ሐበሾች በዒድ ቀን በመስጊድ ውስጥ «የዝፊኑን» (ይጨፍሩ) ነበር ይላል። ሌሎች ዘገባዎች ስለዚያው ዓይነት ጨዋታ ሲናገሩ በጦር ይጫወቱ እንደ ነበር ይገልጻሉ። በልጅነቴ መድረሳ ውስጥ ይህን ቃል የሰማሁ ዕለት ዐረብኛ ሳይሆን አማርኛ የተነበበልኝ መስሎኝ ቀና ማለቴ ትዝ ይለኛል። እኛ ዘንድም ቢሆን መንፈሳዊው ዜማ መንዙማ ነው የሚባለው፤ ቃሉ የመጣው «ነዝም» ከሚለው፣ ስንኝ መደርደርን ከሚገልጸው የዐረብኛ ቃል ነው። መንዙማን ዘፈን ብሎ የሚጠራ ሰው ቢገኝ ሸሆቹ እንደ ስድብ ይቆጥሩበታል። ስለዚህ የሙሽራው አጎት የተሰማቸው ስሜት በአንድ ሃይማኖት ብቻ የተወሰነ አይደለም።

ጥብቅ አንባቢ

እኔ በእምነቴ ወደ አጎትየው የማደላ ሰው ነኝ፤ ሆኖም በጥቅሱ ላይ እውነቱ መነገር አለበት። በገላትያ «ዘፋኝነት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል «ኮሞስ» ነው። ኮሞስ ሰዎች ጠጥተው፣ ችቦ ይዘው፣ በሌሊት በየመንገዱ እየጮኹና እየጨፈሩ የሚዞሩበት ፈንጠዝያ ነበር፤ በሮሜ ምዕራፍ 13 «በዘፈንና በስካር አይሁን» በተባለበት ቦታም ያለው ይኸው ቃል ነው። በውስጡ ዜማም ጭፈራም ነበረበት፤ የተወገዘው ግን ልቅነቱ ነው። ያው የ1954 ትርጉም በመዝሙር 150 ላይ «በከበሮና በዘፈን አመስግኑት» ይለናል። ቃሉ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ተርጓሚዎቹ እዚያ ቦታ ላይ ባላስገቡት ነበር።

ይሁን እንጂ ወንድሜ «ግስ አገላባጭ» ያቀረቡትን ይዞ «ዘፈን ማለት ጭፈራ ነውና አጎትየው ተሳስተዋል» ወደሚል መደምደሚያ መሄድ አይገባም። ቃል የሚኖረው በዛሬው ተናጋሪ አፍ ነው። ዛሬ አንድ ሰው «ዘፈን ከፈተ» ቢባል የሚገባን ዓለማዊ ዜማ መክፈቱ ነው። ዘፋኝ የሚለውም ቢሆን ንቀት ስለሚሸተው አይደለምን ጋዜጠኞቻችን «ድምፃዊ» ወደሚለው የሸሹት? በአንጻሩ ካህናቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ወረብ ሲያቀርቡ ሰውነታቸው ይንቀሳቀሳል፤ እግራቸውም ምቱን ይከተላል። በጥንቱ ግዕዝ ሚዛን ይህ ከዘፈን ላይርቅ ይችል ይሆናል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ሽብሸባ የሚል የራሱ ስም ስላለው በሌላ አትጠራውም።

ግስ አገላባጭ

እርማትዎን እቀበላለሁ። ከእግር ወደ አፍ የተዛወረበትን መንገድ ግን እኔ እንዲህ እረዳዋለሁ፦ በገጠሩ ጨዋታ አውጪዋ ታወጣለች፣ ተቀባዩ እያጨበጨበ ይቀበላል፣ መካከል የገባው ደግሞ ትከሻውን ይሰብቃል፤ ሁሉም በአንድ ክብ ውስጥ ስለሚከናወን ለሁሉም አንድ ስም ይበቃል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ወዲህ ግን፣ ኋላም ሬዲዮ ሲመጣ፣ ድምፁ ከክቡ ወጥቶ ለብቻው ይዞር ጀመር። ከሸክላ ውስጥ ትከሻ አይታይም። ስሙ ከድምፁ ጋር ሲሄድ፣ ለእግርና ለትከሻ «ጭፈራ» እና «እስክስታ» ቀሩላቸው፤ ለውጡን ያጠናከረው ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል።

የሠርግ ጸሐፊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ነገሩን ለማጣራት ብዬ የአንድ ዘመዳችንን የሠርግ ቪዲዮ በስልኬ ከፍቼ ለአያቴ አሳየኋቸው። አንዲት ልጅ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ፣ አንገቷን እየሰበቀች ክቡ መሐል ገብታለች፤ ድምፅ የሚያወጡት ዙሪያውን የቆሙት ናቸው። አያቴ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ይቺ ልጅ ዘፈን ታውቅበታለች» አሉ። አውጪዋንስ ምን ይሏታል ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እሷማ ታወጣለች እንጂ መቼ ዘፈነች» ብለው እንደማይገባው ልጅ አዩኝ።

በመርሐ ግብሩ ላይ «ከምሳ በኋላ፦ የባህል ጨዋታ» ብዬ ጽፌ ለአጎትየው ላክሁላቸው። ዛሬ ጠዋት ደውለው ቃሉን እንደወደዱት ነገሩኝ፤ ቀጥለውም ጨዋታው ውስጥ እስክስታ ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። ለአያቴ ደውዬ እመለሳለሁ ብያቸዋለሁ።